የአንድ ጣት ሐዲድ

ላምባ ሸተተኝ። ዛሬ በሰው ቤት ላምባ የሚሸትበት ዘመን አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስልኩን አብርቶ ይቀመጣል። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ አምጥቶ በረንዳዬ ላይ ያራገፈልኝን ዕቃ ፕላስቲኩን ገና ከአንድ ጥጉ ስገልጠው ያ ሽታ ወጣ። እዚያው ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ። ባለባጃጁ ደንግጦ «እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» ይለኛል። «ውሃ ምን ያደርግልኛል! ሂድ ወደ ሥራህ» ብዬ ጮህኩበት። በኋላ አዘንኩ፤ ምን በወጣው።

ዕቃው በር ነው። ከነማጠፊያው ተነቅሎ የወጣ አሮጌ የእንጨት በር። የድሮ አከራዬ የወይዘሮ ማርታ ልጅ ሳሙኤል ነው የላከልኝ፤ እሷ ካረፈች ቆይታለች። ሐሙስ ዕለት ደወለና «እማማ አስቴር፣ የእናቴን ግቢ እያፈረስን ነው። ኮርኒሱ ውስጥ አንድ በር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘን፣ በጠመኔ የእርስዎ ስም ተጽፎበታል። ልጣለው ወይስ ልላከው?» አለኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጣለው ልለው ነበር። አፌ ግን «ላከው» አለ።

ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ፒያሳ ዛሬ ላያችሁት ፎቅ በፎቅ ነው፤ ያኔ ከዳር እስከ ዳር ቆመሽ የምታይው፣ መንገዱ ሜዳ፣ ዛፉ ብዙ፣ ሰዉ ጥቂት። ከቤት እስከ ሐይቅ በጋሪ ስሙኒ ነበር፤ ፈረሱ አንገቱ ላይ ቃጭል ስለሚያስሩለት ጋሪው ሳይታይ ድምፁ ይመጣል። ብስክሌት በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ይከራያል። ቦምቦሊኖ በአስር ሳንቲም፣ ሻይ በአስራ አምስት፤ ስኳር ግን በራሽን ስለነበር ሻይ ቤቱ አንዳንድ ቀን «ያለ ስኳር ነው» ብሎ ነው የሚያስገባሽ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ቴፕ ነበር፤ ካሴቱ አንድ ብቻ ስለነበር ከመደጋገሙ የተነሳ ተበልቶ፣ ዘፋኟ ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጎተትና የወንድ ይሆናል። እኛም እንደዚያው ለምደን ስናንጎራጉር እዚያ ቦታ ላይ ድምፃችንን እናወፍር ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሁለት ቀሚስና አንድ ሰማያዊ ጉርድ ነበረኝ፣ ፀጉሬ አፍሮ፣ ወገቤ ደግሞ ይህ ያሁኑ እንዳይመስላችሁ።

ታደሰን ያገባሁት እዚያው ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አሥር ወር አብረን ኖርን፤ አሥር ወር ብቻ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ሄደን አሳ በልተን፣ በእግራችን በጉዱማሌ በኩል እየተመለስን፣ እሱ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሲያወራኝ እኔ ምንም ሳይገባኝ እሺ እሺ እላለሁ። ከዚያ የዘመቻ ጥሪ መጣና ሄደ። የትኛው ዓመት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ ወደ ሰሜን ተባለ፣ ሄደ። ካፖርቱን «እዚያ ሌላ ይሰጡናል፣ ይሄ አይበላሽ» ብሎ ሚስማር ላይ ሰቅሎልኝ ሄደ። ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ካፖርት ነበር። ደብዳቤው በየወሩ ይመጣ ነበር። አንድ ወር ዘገየ። ሌላ ወርም ዘገየ። ከዚያ እኔ መቁጠር ተውኩ።

ብቻን መብላት የሚባለው ነገር ከባድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። የሥራ ቀን እንደምንም ያልፋል፤ እሑድ ነው የሚገድለኝ። እትዬ ማርታ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች፣ የመዘምራኑ ድምፅ እስከ ግቢያችን ይሰማል፤ እኔ ደግሞ ከቅዳሴ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ካፖርት አያለሁ። እንዲህ ባለ አንድ እሑድ ነው ጋሼ መኩሪያ በሩን ያንኳኳው። እዚያው ግቢ፣ ከእኔ ጎን ያለው ክፍል ነበር የሚኖረው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ግራ እግሩ ሁለት ጣት የጎደለው ሽማግሌ። አዋሳ የመጣው እዚህ ያገባች ልጁን ተከትሎ ነበር፤ ልጅቱ ከነባሏ ተመልሳ ወደ ድሬ ተዛወረች፣ እሱ «ደግሞ መጓዝ ሰለቸኝ» ብሎ ቀረ። የእድራችን ሰብሳቢ እሱ ነበር። «አስቱ፣» አለኝ፣ «ሥራ ከሌለሽ ነይና ማኔቭር አስተምርሻለሁ።»

ማኔቭር ድሬዎች ከፈረንጆቹ የወረሱት ቃል ነው፤ ፉርጎዎችን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እያሳለፉ በሚፈለገው ተራ ማሰለፍ ማለት ነው። የጋሼ መኩሪያ የዕድሜ ልክ ሥራው ይሄ ነበር። ክፍሉ ስገባ አልጋውን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ መሃል ላይ ያንን በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞታል። በሩ ላይ ሐዲድ አለ። የአጥር ሽቦ አቃንቶ በትናንሽ ሚስማር የመታው ሐዲድ። ፉርጎዎቹ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ጎማቸው የልብስ ቁልፍ። ሎኮሞቲቭዋ ሆድ ውስጥ የተበላሸ ቴፕ ሞተር አለ፤ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ትሄዳለች። ድንጋይ ስለሚወደድ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ የእሱ ድንጋይና የእትዬ ማርታ በርበሬ ጎን ለጎን ሲሰጡ እስቃለሁ። ሐዲዱን በየሳምንቱ በላምባ በራሰ ጨርቅ ያብሰዋል። ክፍሉም፣ እሱም፣ ያንን ላምባ ይሸቱ ነበር።

ሦስት መስመር ነው ያለው። ከፊት ለፊት መሳፈሪያው፣ ከጀርባው ረጅሙ የዕቃ መስመር፣ ከጎን ደግሞ አጭሩ። ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ ተገናኝተው አንድ ይሆኑና ወደ በሩ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ያቺን ቁራጭ «አንገቷ» ይላታል። አንገቷ ሎኮሞቲቭዋንና ሁለት ፉርጎ ብቻ ትችላለች። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሻገር የያዝሽውን ይዘሽ ሙሉ በሙሉ አንገቷ ውስጥ መግባት አለብሽ፤ አንድ ጎማ እንኳ መገናኛው ላይ ከቀረ መስመሩ አይቀየርም። ስለዚህ አንዷን ፉርጎ ለማውጣት ሌላዋን ማስቀመጥ፣ እሷን ለማስቀመጥ ደግሞ ሦስተኛዋን ማንሳት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት እስቲ! መጀመሪያ ቀን አራት ፉርጎ ማሰለፍ አቅቶኝ ልጮህ ደረስኩ። ጋሼ መኩሪያ «ዱስማ፣ ዱስማ» ይላል፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ሕጉ አንድ ነው። ሎኮሞቲቭዋን እንደፈለግሽ፤ ፉርጎ ግን በእጅ አይነካም። የሚያያዙበትን መንጠቆ እንኳ በተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው የምንፈታው።

«ማን ያየናል ጋሼ? ይቺን አንዷን አንስቼ እዚህ ላድርጋት በቃ!»

«ልጄ፣ እውነተኛው ፉርጎ ሃያ ቶን ነው። በእጅሽ ታነሺዋለሽ?» ይለኛል። ቀልድ አያውቅም፤ ስለ ባቡር ሲሆን በፍጹም።

ወራት እንዲህ ሄዱ። ጎበዝ ሆንኩ። ታይፕ እየመታሁ ሁሉ በሐሳቤ ፉርጎ ስቤ አወጣለሁ። አንድ እሑድ «ይሄ ሁሉ ዕቃ ነው የሚጭነው፤ ሰው የሚጭን የለዎትም እንዴ?» አልኩት። አሰበና «የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ እሠራልሻለሁ፤ ረጅም ናት፣ ስምንት ጎማ ትፈልጋለች። እኩል የሆኑ ስምንት ቁልፎች አሉሽ?» አለኝ። ሄጄ የታደሰን ካፖርት ቁልፎች በመቀስ ቆረጥኩ። ስምንት ነበሩ፣ ልክ። ሲመጣ አዲስ እተክልለታለሁ ብዬ ነው። ቁልፎቹን እጁ ላይ ሳፈስለት ከየት እንዳመጣኋቸው አላወቀም መሰለኝ፤ አገላብጦ ካያቸው በኋላ ግን «የእሱ ነው?» አለኝ። «የእሱ ነው» አልኩ። ከዚያ ያልታሰበ ነገር ከአፌ ወጣ። «ጋሼ፣ ተስያለሁ። ይቺን ፉርጎ ከኋለኛው መስመር አውጥቼ፣ በእጄ ሳልነካ መሳፈሪያው ላይ ካደረስኳት ታደሰ ይመጣል።» እንዲህ ያለ ስለት የት ታውቃላችሁ! ጋሼ መኩሪያ ኮስተር አለ። «እንዲህ አይባልም» አለኝ። «ብያለሁ በቃ» አልኩት። ሳቀና «እንግዲያ አይዞሽ፤ የአንገቷን ርዝመት ለክቼ ነው የምሠራት፣ በፀጉር ስፋት ታልፋለች። እሑድ ትደርሳለች» አለ።

እሑድ ደረሰች። አቤት ስታምር! አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ በየጎኗ ስድስት ስድስት መስኮት። ኋለኛው መስመር መጨረሻ ላይ ቆማለች፣ ከፊቷ ሁለት የዕቃ ፉርጎ፣ መሳፈሪያው ላይ ሌላ ሁለት። አንገቷ ጫፍ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር አለ፤ ጣሪያዋ ቀይ የሆነች ትንሽ የዘበኛ ቤት። «ይቺንም ለእኔ ነው የሠሯት?» ብዬ ደስ አለኝ። ጋሼ መኩሪያ የጃንጥላውን ሽቦ አስያዘኝ። የዚያን ቀን ፊቱ ልክ አልነበረም፤ አሞኛል አለ፣ አመንኩት።

የዕቃዎቹን ፉርጎዎች ዘወር አድርጌ ሰው መጫኛዋን ሳብኳት። ሎኮሞቲቭዋ አንገቷ ጫፍ ደርሳ የዘበኛ ቤቷን ስትነካ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጎማዎች መገናኛው ላይ ቀሩ። «ጋሼ፣ አላለፈችም!» አልኩ። «መንገድ አለው፤ ፈልጊ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ ነገር አጥሯል ይል ነበር። እኔ ግን ጋሼ መኩሪያ ለክቶ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም፤ ከዓይኔ ይልቅ እሱን አመንኩ። ሙሉ ቀን ፈለግኩ። ሳምንቱን በወረቀት እየሣልኩ ፈለግኩ፤ አለቃዬ «አስቴር፣ ይሄ ምንድነው፣ መሥሪያ ቤቱን ልትዘርፊ ነው?» እስኪለኝ። በሁለተኛው እሑድም አቃተኝ። አለቀስኩ። ጋሼ መኩሪያ ጀርባውን ሰጥቶኝ የላምባውን ጨርቅ ይጨምቃል፤ «ይቆይልሽ፣ ለምን ትቸኩያለሽ፣ ይቆይልሽ» ይላል። እትዬ ማርታ በዚያ ሰሞን ሳልጠይቃት ምሳ ትልክልኛለች። ጎረቤቶቹ ሳልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔ ምን ገዶኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ሐዲዱ ላይ ነው።

በሦስተኛው እሑድ እትዬ ማርታ ከውጭ «ጋሽ መኩሪያ፣ አንዴ ይምጡልኝ» ብላ ጠራችው። ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ። ፉርጎዋ መገናኛው ላይ እንዳለች ቆማለች። የክፍሉን መግቢያ አየሁ፣ ፉርጎዋን አየሁ። ከዚያ በሁለት ጣቴ ብድግ አድርጌ መሳፈሪያው ላይ አስቀመጥኳት፣ የቀሩትንም እንደዚያው በቦታቸው። ምንም አትመዝንም። ባዶ ቆርቆሮ ናት። ጋሼ መኩሪያ ሲመለስ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ «ደረሰ!» አልኩት።

ሎኮሞቲቭዋን አየ። ፉርጎዋን አየ። ከዚያ ያቺን የዘበኛ ቤት አየ። «በእጅሽ አልነካሽም?» አለኝ።

«ማርያምን አልነካሁም!»

ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያ ደርሷል» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። እኔ እየሮጥኩ ወጥቼ እትዬ ማርታን አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ «ታደሰ ሊመጣ ነው!» አልኳት። አቅፋ ያዘችኝና ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሙሉ ሰው ነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ከኋላቸው ከጎንደር የመጣው ወንድሜ ሙሉጌታ ቆሟል። ከፊት ጋሼ መኩሪያ ነበር። ሰብሳቢው እሱ አይደለም እንዴ፤ መርዶውን መንገር የእሱ ድርሻ ነበር።

በኋላ ነው ሁሉን የሰማሁት። ወሬው ቀበሌ ከደረሰ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። የሥጋ ዘመድ ሳይኖር መርዶ አይነገርም ተባለ፤ ወንድሜ የይለፍ ወረቀት እስኪያገኝ ተጠበቀ። ግቢው በሙሉ እያወቀ እኔ ብቻ ባቡር ስጫወት ነበር። ንዴቴን የምጥልበት ሰው ጠፍቶኝ ሁሉንም ጋሼ መኩሪያ ላይ ጣልኩት። ከንዴቱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ በቅጡ ያልነገርኩት፤ በማርያም ስም በሐሰት ምዬ፣ በእጄ አንስቼ፣ ስለቱን አበላሽቼ ታደሰን ያስቀረሁት እኔ ነኝ የሚል። ሞኝነት ነው፤ ቀኑን አስልቼዋለሁ፣ ቀድሞ ነው የሞተው። ልብ ግን አስልቶ አያምንም። አርባው ካለፈ በኋላ ጋሼ መኩሪያ በሬ ላይ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «አስቱ ልጄ፣ ስለዚያ ሐዲድ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «ዝም ይበሉ! ያንን ቆርቆሮዎን ያቃጥሉት!» ብዬ በሩን በላዩ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁትም። ልጁ ዘንድ ድሬዳዋ ሊሄድ ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን በመስኮት አየሁት፤ አልወጣሁም። ቃጭሉ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ ሲሉ ሰማሁ።

ቅዳሜ ዕለት በሩን ሁለት ጎረምሶች አግዘውኝ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አወጣነው። ብቻዬን ስቀር መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ለካ አላቃጠለውም፤ ስሜን ጽፎ እትዬ ማርታ ዘንድ ትቶልኝ ሄዶ ኖሯል። ፉርጎዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ከሥሩ ታስረዋል። አረንጓዴዋ ቀለሟ ተላልጧል፣ የታደሰ ቁልፎች ግን ስምንቱም አሉ። ሐዲዱን ጨርቅ ይዤ ሳብስ አንገቷ ጫፍ ላይ ደረስኩና ጨርቁ ያቺን የዘበኛ ቤት ገፋት። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ስንት ዓመት ሲጠብሳት ኮላዋ ደርቆ ኖሯል፤ ተነቅላ እጄ ላይ መጣች።

ከሥሯ ሐዲድ አለ። ሐዲዱ አላለቀም ነበር፤ ቤቷ ሥር ገብቶ ይቀጥላል። ጠቋሚ ጣቴን አጋደምኩበት፤ ልክ አንድ ጣት። ለክቶ ነበር የሠራው። በፀጉር ታልፍ ነበር። ያንን ሳምንት መርዶው እጁ ሲገባ፣ የእኔን ስለት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ባቡሩን ፈትቼ፣ «ይመጣል» ብዬ ጨፍሬ፣ መርዶውን እንድሰማ አልፈለገም። እንዳልፈታው ቤት ሠርቶ ዘጋብኝ። በዕድሜው ሙሉ ሐዲድ የዘጋው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። እና እኔ በእጄ አንስቼ «ማርያምን» ስለው ውሸቴን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድም ቀን አላጋለጠኝም፤ በር ስዘጋበት እንኳ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያልኩ አለቀስኩ። ማን ሊሰማኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፉርጎዎቹን እንደዚያ ቀን በየመስመራቸው ደርድሬ ጀመርኩ። ሞተሯ ዝጓል፤ ሎኮሞቲቭዋን በጣቴ ገፋኋት፣ እሷን መንካት አይከለከልም። ከሰው መጫኛዋ ፊት ያሉትን ሁለቱን አውጥቼ መሳፈሪያው ላይ አስጠጋኋቸው። እሷን ሳብኳት። ቁልፎቹ ሐዲዱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ መጡ፣ ሎኮሞቲቭዋ በፊት ቤቷ በነበረችበት ቦታ ላይ አለፈች፣ የመጨረሻዎቹ ጎማዎች መገናኛውን ለቀቁ። በፀጉር። ወደ አጭሩ መስመር መለስኳት። አራቱን የዕቃ ፉርጎዎች ሁለት ሁለት አድርጌ ወደ ኋለኛው መስመር አስገባሁ፣ እሷን እንደገና አወጣሁና መሳፈሪያው ላይ አቆምኳት። ከጀመርኩ ወዲህ አንዷንም በእጄ አልነካሁም። መንጠቆውን ሁሉ በጃንጥላ ሽቦ ነው የፈታሁት።

«ደረሰ!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ጎረቤቴ ሕይወት፣ ግድግዳ የምንጋራው ነርስ፣ በሩን ከፈት አድርጋ ብቅ አለች። «እማማ አስቴር፣ በሰላም ነው? እንግዳ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

ፉርጎዋን አየሁ። ስድስቱም መስኮቶቿ ባዶ ናቸው።

«የለም ልጄ፣» አልኳት። «ማንም አልመጣም።»

አልዋሸኋትም።